የኦሞ ወንዝ፤ ስሙና አካሄዱ በታሪክ መዝገብ

በሐዋሳ ከተማ እምብርት ያለው ሰፈር ፒያሳ ይባላል። ቃሉ የኢጣሊያ ቋንቋ ሲሆን ፍቺው አደባባይ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ግድም ስትቆረቆር የኢጣሊያ ጦር ከአገሩ ከወጣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል አልፎት ነበር። ስለዚህ ስሙ ወደ ሐዋሳ የመጣው ከወራሪው ጋር ሳይሆን፣ በአዲስ አበባ ተለምዶ የአማርኛ ቃል ከሆነ በኋላ ነው። በአንጻሩ ከሐዋሳ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘውን የአባያን ሐይቅ በ1896 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያየው ኢጣሊያዊው መኰንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ በአገሩ ንግሥት ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙ በብዙ ካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ታተመ። በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ግን አባያ ማለቱን አልተወም፤ ዛሬም መጠሪያው ይኸው ነው። ከአንድ ቋንቋ ከመጡት ከሁለቱ ስሞች ሰው በየቀኑ የሚጠራው ኖረ፤ በወረቀት ላይ ብቻ የቆየው ጠፋ።

ስም በሰው አፍ እንደሚኖር ሁሉ፣ የወንዝ አካሄድ ደግሞ በመሬቱ ተዳፋት ይኖራል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ተቀላቅለው፣ በስም መመሳሰል የውሃ መንገድ ሲቀጠል፣ ምን ያህል ስሕተት እንደሚወለድ ለማየት ከኦሞ ወንዝ የተሻለ ምሳሌ በደቡብ ኢትዮጵያ አይገኝም።

አንድ ወንዝ፣ ብዙ ስም

ኦሞ ወደ 760 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው፣ ከአገሩ ዳር ደርሶ ባሕር ሳይነካ በሐይቅ ውስጥ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ከጅማ በስተሰሜን ከሚገኙት ደጋዎች ሲነሣ ጊቤ ይባላል። ግልገል ጊቤ የተባለው ገባር ደግሞ የራሱ ሸለቆ አለው፤ ስለዚህ በላይኛው ተፋሰስ በጊቤ ስም የሚጠራው ውሃ አንድ ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ዋቤ፣ በምዕራብ ጎጀብ ይገቡበታል። ከዋቤ ጋር ከተገናኘ ወዲህ በካርታ ላይ ኦሞ የሚለውን ስም ይይዛል። ወደ ሐይቁ በሚገባበት በታችኛው ዳር ደግሞ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የደረሱ መንገደኞች ኒያናም ተብሎ ሲጠራ ሰምተው ጽፈዋል።

ይህ የስም መብዛት የባላገሩን አለማወቅ የሚያሳይ አይደለም። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ስም የሚያወጣው ከብቱን ለሚያጠጣበት፣ መሻገሪያውን ለሚያውቅበት፣ ሙላቱን ለሚፈራበት ክፍል ነው። የየራሱን ክፍል አጥርቶ ያውቃል። የላይኛው ስምና የታችኛው ስም የአንድ ውሃ መጠሪያ መሆናቸውን ለመናገር ግን አንድ ሰው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር መከተል፣ ወይም የየክፍሉን ምስክርነት በጥንቃቄ ማያያዝ ነበረበት። ይህ እስኪደረግ ድረስ ወደ ሦስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ።

ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የተሣለው ወንዝ

ወንዙ በአውሮፓውያን ጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። በ1613 ንጉሠ ነገሥቱ ኢየሱሳዊውን ካህን አንቶንዮ ፈርናንዴዝን ፍቁረ እግዚእ ከተባለ መልእክተኛ ጋር ወደ ደቡብ ላኩ። የጉዞው ዓላማ ቱርኮች የያዙትን የቀይ ባሕር በር ትቶ በማሊንዲ በኩል ወደ ሕንድ የሚያደርስ መንገድ ማግኘት ነበር። መልእክተኞቹ በእናርያ አልፈው፣ በዘመኑ ጸሐፊዎች ጅንጅሮ ይባል የነበረውን የየምን ግዛት ተሻግረው፣ ከምባታ ደረሱ፤ አላባ ላይ ግን ታግደው በ1614 ተመለሱ። በመንገዳቸውም ዘቤ ብለው የጻፉትን ትልቅ ወንዝ ተሻገሩ። ዘቤ የዛሬው ጊቤ ለመሆኑ አቀማመጡ ራሱ ይመሰክራል፤ የየምን አገር ከብቦ ከሞላ ጎደል እንደ ልሳነ ምድር ያደርገዋል ተብሎ ተጽፏልና።

እስከዚህ ድረስ የተጻፈው በዓይን የታየ ነው። የኢየሱሳውያኑን ታሪክ የጻፈው ማኑኤል ደ አልሜዳ ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ማለትም ወንዙ ወደ ደቡብ ወርዶ በሞምባሳ በኩል ወደ ባሕር ይገባል የሚለውን፣ ከሰው ሰምቶ ጨመረበት። ከአባ ጎርጎርዮስ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የተማረው ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍም በ1683 ባሳተመው ካርታ ዘቤን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ባሕር የሚወርድ ወንዝ አደረገው። በካርታ ላይ ያለ መስመር በዓይን የታየው የቱ፣ በወሬ የተቀጠለው የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ሁለቱም የሚሣሉት በአንድ ቀለም ነው። አሳቡ በዚህ ዓይነት እየተላለፈ ኖሮ፣ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የተቀመጠው እንግሊዛዊው የጦር መኰንን ኮርንዎሊስ ሃሪስ ጎጀብን ከጁባ ወንዝ ጋር አገናኝቶ ጻፈ።

ወደ ነጭ አባይ የተሣለው ወንዝ

በዚሁ ዘመን ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በኢትዮጵያ ይመላለስ ነበር። ከ1838 እስከ 1848 በቆየበት ጊዜ እናርያንና ከፋን አይቷል፤ በቴዎዶላይት ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠረ በሦስት ማዕዘን ቅየሳ የአገሩን ሰፊ ክፍል ለክቷል። ሥራው በኋላ የኢትዮጵያ የመሬት ቅየሳ ታሪክ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ሆኗል። ይህ ሰው በጥር ወር 1846 በባቢያ ጫካ ከጊቤ ምንጮች በአንዱ ላይ ቆሞ የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ ተከለ፤ የነጭ አባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎም ለአውሮፓ አስታወቀ።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቤክ አልተቀበለውም። ክርክሩ እየመረረ ሄዶ፣ ቤክ ዳባዲ ከፋ መድረሱን ራሱን ተጠራጠረ፤ በመጨረሻም በ1851 ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ተሸልሞት የነበረውን ሜዳይ መለሰ። ከፋ ስለ መድረሱ ቤክ ያነሣው ጥርጣሬ ትክክል አልነበረም። ስለ ወንዙ አካሄድ ግን ዳባዲም ትክክል አልነበረም።

የዳባዲ ስሕተት ለሙያተኛ ልዩ ትምህርት አለው። መሣሪያው ጥሩ ነበር፤ ስሌቱ ጥንቁቅ ነበር፤ ቋንቋም ያውቅ ነበር። በለካው ክፍል ውስጥ ያለው ሥራ ዋጋውን ይዞ ቆይቷል። የተሳሳተው ባልለካው ክፍል ነው። በምንጩና እርሱ ነጭ አባይ ነው ባለው ውሃ መካከል ማንም ያልቀየሰው ሰፊ አገር ነበር። በዚያ ባዶ ላይ ያለፈው መስመር የላይኛውን ልኬት ክብር ተውሶ እውነት መሰለ። በ1862 ስፒክ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበትን ፏፏቴ ሲያይ የዳባዲ መልስ መሠረቱን አጣ፤ ኦሞ ታዲያ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር።

ሐይቁ

መልሱ በወንዙ ዳር ከነበሩ ሰዎች ዘንድ ነበር። በ1880ዎቹ በደቡብ ምዕራብ የተዘዋወረው ፈረንሳዊው ጁል ቦሬሊ ኦሞ ሻምባራ ወደ ተባለ ሐይቅ እንደሚገባ ከአገሬው ሰምቶ መዘገበ። ከደቡብ በኩል ደግሞ ሃንጋሪያዊው ቴለኪና የባሕር ኃይል መኰንኑ ሉድቪግ ፎን ሄነል በመጋቢት ወር 1888 ወደ ትልቁ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ደረሱ። በአውስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አሉት። ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሲደርሱም ኒያናም የተባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ ተመለከቱ። ከላይ የመጣው ወሬና ከታች የመጣው ዕይታ ሊገናኙ የቀራቸው በመካከል ያለው ያልታየ ክፍል ብቻ ነበር።

ከዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ሌላ መዝገብ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1891 የኢትዮጵያን ወሰን ለአውሮፓ መንግሥታት ሲያስታውቁ፣ በጻፉት ደብዳቤ ወሰኑ ከሶባት ወንዝ ተነሥቶ ወደ ሳምቡሩ ሐይቅ እንደሚደርስ ገልጸዋል። ቴለኪ ሐይቁን ሩዶልፍ ካለው ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ደብዳቤው የተጠቀመው በአውሮፓውያን ካርታ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን፣ ቦሬሊ ከሰማው ጋር በሚቀራረበው በአካባቢው ስም ነው። ይህም ስለ ሐይቁ የሚናገር አገር በቀል ዕውቀት እስከ ቤተ መንግሥቱ ደርሶ እንደ ነበር ያስረዳል።

በመካከል የቀረውን ክፍል ያየው ቦቴጎ ነው። በ1895 ከሶማሌ ጠረፍ ከብራቫ ተነሥቶ፣ የአድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት በሰኔ መጨረሻ ኦሞ ላይ ደረሰ፤ ወንዙን ተከትሎ ወርዶም በነሐሴ መጨረሻ ሐይቁን አገኘ። በዚህ ኦሞና ኒያናም አንድ ወንዝ መሆናቸው ተረጋገጠ። ጉዞው ግን በደም ያለቀ ነው። ሐሳቡን ለብቻው ወደ ኋላ ይዞ እንዲመለስ የተላከው ሳኪ በመንገድ ተገደለ፤ ቦቴጎ ራሱ በመጋቢት 1897 በወለጋ በኩል በተነሣ ግጭት ሞተ። ተይዘው የነበሩት ጓደኞቹ ቫኑቴሊና ቺተርኒ ምኒልክ ከለቀቋቸው በኋላ በ1899 የጉዞውን ታሪክ በወንዙ ስም በተሰየመ መጽሐፍ አወጡ።

በ1898 የከፋው ገዥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦራቸውን ይዘው እስከ ሐይቁ ዘለቁ። አብሯቸው የሄደው የሩሲያ ፈረሰኛ መኰንን ቡላቶቪች የዘመቻውን መንገድ እየለካ ካርታ ሠራ። በዚህ ጊዜ የወንዙ አካሄድ የጂኦግራፊ ሊቃውንት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥታት ወሰን ጉዳይ ሆነ።

ውሃው ሲሸሽ የቀረ ወሰን

በታኅሣሥ 1907 ኢትዮጵያና ብሪታንያ በተዋዋሉት የወሰን ስምምነት መስመሩ በሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል በኩል ያልፋል፤ ሳንደርሰን ከተባለው ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ ያለውን ልሳነ ምድር ነክቶ፣ ወደ ኪቢሽ ወንዝ አፍ ወይም በአፉ ወዳለው ረግረግ ይሄዳል። አፍ ወይም ረግረግ የሚለው አነጋገር ውሉን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው የውሃውን ዳር በእርግጥ ለመናገር እንደተቸገሩ ያሳያል።

ችግሩ ብዙም ሳይቆይ ተገለጠ። ሐይቁ በ1890ዎቹ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ከ15 ሜትር በላይ ወረደ። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ ከአምስት አራት እጁ በላይ የሚመጣው ከኦሞ ስለሆነ፣ በደጋው የሚዘንበው ዝናብ መብዛትና ማነስ በታችኛው ቆላ ላይ እንዲህ በገሐድ ይታያል። ሳንደርሰን የተባለው ባሕረ ሰላጤ ደርቆ ሜዳ ሆነ፤ የኦሞ ዴልታም ወደ ደቡብ ገፋ። በውሃ የተጻፈ ወሰን ውሃው ሲሸሽ ቃሉ ብቻ ቀረ። ኢትዮጵያና ኬንያ በ1970 ባደረጉት ውል ወሰኑ በምድር ላይ በተተከሉ ምልክቶች እንዲታወቅ ሆነ። ሩዶልፍ የሚለው ስምም በ1975 በኬንያ መንግሥት ውሳኔ ቱርካና በሚለው ተተካ። ቴለኪ ያወጣው ስም የኖረው ሰማንያ ሰባት ዓመት ብቻ ነው።

የዳባዲ ስሕተት ሌላው ገጽ

የኋላ ዘመን የከርሰ ምድር ጥናት ለዚህ ታሪክ ያልተጠበቀ ምዕራፍ ጨምሮለታል። በሐይቁ ዙሪያ ከፍ ብለው የተገኙት የጥንት የውሃ ዳር ምልክቶች እንደሚያስረዱት፣ አፍሪካ ርጥብ በነበረችበት ዘመን ሐይቁ ዛሬ ካለበት ከ80 እስከ 100 ሜትር ያህል ከፍ ይል ነበር። በዚያ ከፍታ ሲሞላ በሰሜን ምዕራብ በኩል ባለው ዝቅተኛ በር ሞልቶ እየፈሰሰ ወደ ሶባት፣ በሶባትም አድርጎ ወደ ነጭ አባይ ይገባ ነበር። ይህ መውረጃ የተዘጋው ከ5,000 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በሐይቁ ውስጥ የአባይ ዓሣዎች፣ ከእነዚህም ትልቁ የናይል ፐርች፣ መገኘታቸው የዚያ ግንኙነት ሕያው ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ኦሞ የአባይ ገባር የነበረበት ዘመን ነበረ። ዳባዲ የሳተው በቦታ ብቻ ሳይሆን በዘመንም ነው፤ እርሱ በደረሰበት ጊዜ ከሺህ ዓመታት በፊት የተቋረጠ መንገድ ነበር የሣለው። በእርግጥ እርሱ ይህን አያውቅም ነበርና ነገሩ ለክርክሩ ምስጋና አያተርፍለትም። ይሁን እንጂ የወንዝ አካሄድ ለዘለዓለም የተሰጠ አለመሆኑን ያስተምራል። ማንኛውም የአካሄድ መዝገብ ቀን ከሌለው ጎደሎ ነው።

መሐንዲሱም ስም ያወጣል

ስም የሚያወጡት መንገደኞችና ነገሥታት ብቻ አይደሉም። ግልገል ጊቤ ላይ የተሠራውና በ2004 ሥራ የጀመረው የኃይል ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2010 የተመረቀው ጊቤ ሁለት ከዚያው ግድብ የሚወጣውን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አሳልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል፤ አቅሙ 420 ሜጋ ዋት ነው። በታኅሣሥ 2016 የተመረቀው፣ ከ240 ሜትር በላይ ቁመትና 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ጊቤ ሦስት ደግሞ የቆመው በካርታ ላይ ኦሞ በሚባለው ዋናው ወንዝ ላይ ነው። ጊቤ የሚለው ስም ከሥራው ተራ ቁጥር ጋር እየተያያዘ ወደ ታች ወረደ። ከሃምሳና ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ የፕሮጀክቱን ሰነድና የወንዙን ካርታ ጎን ለጎን ቢያኖር፣ የዘቤና የኒያናም ዓይነት ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል።

ጉዳዩ የስም ብቻ እንዳይመስል የታችኛውን ክፍል ማስታወስ ይበቃል። የዳሰነችና የሌሎች የኦሞ ዳር ሕዝቦች ሙላቱ ሲያፈገፍግ በቀረው ርጥብ መሬት ላይ ዘርተው ይበላሉ፤ ወንዙ ካልሞላ አዝመራ የለም፣ ከልክ በላይ ከሞላ ደግሞ ሞት አለ። በነሐሴ 2006 የደረሰው ሙላት በደቡብ ኦሞ ከ300 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በላይ ጊቤ ተብሎ የሚለካው ውሃና በታች የሰው ሕይወት የሚወስነው ውሃ አንድ መሆኑን በቁጥርና በቀን የሚያያይዝ መዝገብ፣ ለእነዚህ ሰዎች የምሁራን ቅንጦት አይደለም።

በቅርብ ያለውም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ከምድር በላይ መውጫ የለውም፤ በዓመት ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ይህ ወንዝ የሚነሣው ከከተማው በስተምሥራቅ ካለው ከጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት በተሠሩ ካርታዎች ሐይቅ ሆኖ ተሥሏል፤ ዛሬ በቦታው የሚገኘው ረግረግና የግጦሽ መሬት ነው። ስሙ እንዳለ አለ፤ የሚጠራበት ነገር ግን ተለውጧል። የቀድሞው ካርታ ተሳስቷል የሚል ቢኖር በካርታው ላይ ይፈርድበታል፤ ካርታው የዘመኑን እውነት ነው የጻፈው። ለውጡን ለማወቅ የሚቻለውም ያ ካርታ ቀኑን ይዞ በመቀመጡ ነው።

ከፈርናንዴዝ እስከ ቡላቶቪች ያለው የኦሞ መዝገብ ሲመረመር፣ ጸንተው የቆዩት ጽሑፎች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ጸሐፊው የት እንደቆመ፣ መቼ እንደቆመ፣ ወንዙን በዚያ ቦታ የሚጠሩት ሰዎች ምን እንደሚሉት ይናገራሉ፤ ያየውንም ከሰማው ይለያሉ። የፈረሱት ደግሞ ይህን ልዩነት ያጠፉት ናቸው። በመስክ ደብተር ላይ ከውሃው ከፍታና ከፍሰቱ መጠን አጠገብ የባላገሩን ስም መጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ኦሞና ኒያናም አንድ ወንዝ መሆናቸውን ለማወቅ ግን የሰው ሕይወትና የሃምሳ ዓመት ክርክር ተከፍሎበታል።